ስልኳ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲጮኽ

የከሚሴዋ ሰሚያ ዓረብ አገር፣ ሐዝሚዬ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። «አገሬ መልሱኝ» ባለች ማግስት ማዳሟ ስልኳን ነጥቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ የቤቱንም በር ከውጭ ቆልፋባት ወጣች።

ሰሚያ ሳሎን ያለውን ኮምፒውተር ከፈተች። ናባዓ በሚባል ሌላ ሰፈር ተከራይታ ለምትኖረው አብሮ አደጓ ለሙና በፌስቡክ ልትጽፍላት ነው። የይለፍ ቃሏን ብታስገባ ትክክል አይደለም አላት። ደገመችው፤ ያው ነው። ፊደሉ በሚታይበት በስሙ ቦታ ላይ ብትሞክረው ለካ የሚጻፈው ሁሉ በዓረብኛ ኖሯል! የማዳሟ ልጅ ስታደርግ እንዳየችው ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭና ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

አሁን ተቀበላት፤ ግን ወደ ስልክሽ የላክነውን ቁጥር አስገቢ አላት። ወዲያው ከመኝታ ቤት ስልኳ ጢን ሲል ሰማች። ሮጣ የቁም ሣጥኑን እጀታ ጎተተች፤ ንቅንቅ አላለም። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

ተመልሳ ስታየው ከታች «በሌላ መንገድ» የሚል አገኘች። ስትነካው የወዳጆቿን ፎቶ እያመጣ ይህ ማን ነው ይላት ጀመር። ከናፈቋት ፊቶች አንዱም አልጠፋት፤ ተከፈተላት።

«ሙናዬ፣ ተቆልፎብኛል» ብላ ጻፈች።

«ቤቱን አውቀዋለሁ። እሑድ እመጣለሁ» አለቻት ሙና።

እሑድ ማዳሟ ለምሳ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ወጥታ ሳለ ሙና ከበረንዳው ሥር ቆመች።

«ማዳምሽ የበሩን ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጠው?»

«በቦርሳዋ ይዛው ነው የምትዞር።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ቆንስላ ሄጄ እነግርልሻለሁ። አይዞሽ እህቴ።»

ሰሚያ የበረንዳውን ብረት ይዛ፣ ሙና ከመንገዱ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት።