ሰሊጡ አፉን ሳይከፍት

ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ደርሶ ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያረግፋል። ያን ሰሞን የአባቴ ማሳ አፉን ሊከፍት ደርሶ እኛ ግን ሸሕዲ ከተማ፣ የቀን ሠራተኞች መቆሚያ ላይ ተገትረናል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መምጣቴ ነበር።

ከጎጃም የወረዱት አጫጆች አንድ ልማድ አላቸው። አለቃቸው ውሉን ከታላቅ እስከ ታናሽ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ አንዱ ሐሳቡን ከቀየረ እንደገና ከታላቁ ይጀመራል። ማንም ሐሳቡን ያልቀየረበት ዙር ሲመጣ ተስማሙ ማለት ነው። አባቴም ብቻውን አይወስንም፤ መተማ ያለው ሸሪኩ፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ በስልክ ይጠየቃል። እሱ አንዲት ነገር ከለወጠ አጫጆቹ ደግመው ከታላቁ!

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደነገጥኩ። የመመረቂያ ጥናቴ ይኸው ነበር፦ ዙር በዙር ውስጥ የሚሽከረከር፣ ምንም የማይለወጥበት ቦታ ሲደርስ የሚቆም ስሌት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

"ለምን ከመጀመሪያው?" አልኩት አለቃውን። "እሺ ያለውማ ብሏል። ከደረሳችሁበት ቀጥሉ።"

ለውጡ ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ውሉን ለአጫጆቹ ወደ ማሻሻል ብቻ ከሆነ ይህ ዘዴ ይሠራል። ሠራም። ሸሪኩ የውኃ ቦቴ ሲጨምር የቀሩት ብቻ ተጠየቁ፤ አባቴ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ትንሽ ገለል አለ። ደስ አለኝ። ወዲያው ሸሪኩ ደወለ፦ ቦቴው ይምጣ፣ ግን በበዓል ቀንም ይታጨዳል።

"እህት ዓለም፣" አለኝ አለቃው፣ "እሺ ያሉት እንግዲህ ለየትኛው ነው?"

ዞረብኝ። ይባስ ብለው ከአጫጆቹ መካከል ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆሙ፣ "እሱ እሺ ካለ እኔም እሺ" አሉ። አጫጆቹ ቆጠራውን ማንም አልተስማማም ብለው ነው የሚጀምሩት፤ በዚያ ከሄድን ሁለቱም እምቢ ናቸው። አባቴ ግን ሁሉም ተስማምቷል ብሎ ነው የሚጀምረው፤ በዚህ ከሄድን ሁለቱም እሺ ናቸው። ሰዎቹ ያው፣ ቃላቸው ያው! የቱ ልክ እንደሆነ ዛሬም ሳስበው ራሴን ያዞረኛል።

"አንቺ ልጅ፣" አለ አባቴ፣ "የተማርሽው ይኸን አይደል? መቼ ያልቃል?"

"ስሌቱ ማለቁንስ ያልቃል፣ አባባ። ከዚህ ያጠረ መንገድ ይኑር አይኑር ግን የደረሰበት የለም።"

"በዓለም ሙሉ?"

"በዓለም ሙሉ።"

ያኔ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ጠዋት ከማሳው ቀጥፎ ኪሱ የከተታትን አንዲት የሰሊጥ ዘለላ አወጣ። አፏን ከፍታለች፤ ፍሬው ኪሱ ውስጥ ቀርቷል።

"በሉ እንግዲህ፣" አላቸው አጫጆቹን፣ "ከታላቁ ጀምሩ።"