የቴልማ ካውድ ዋስ

በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምስቢ፣ ከዓሣ ወደቡ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ቴልማ ካውድን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ዕድሜዋን በሙሉ በወደቡ መጋዘን ዓሣ ስትበልት ኖራለች። ከበረዶ የወጣ ዓሣ እጇ ከገባ፣ አጥንቱ ወዲያ ሥጋው ወዲህ እስኪሆን ድረስ ዓይን አይከተላትም ነበር። ጡረታ ስትወጣ ጣቶቿ ከብርዱ ብዛት ጎብጠው ቀሩ፤ ምላሷ ግን ስለቱን አላጣም። «ቴልማ ነገርም እንደ ዓሣ ነው የምትበልተው፤ አጥንት አታስቀርም» ይሏታል ጎረቤቶቿ፣ ከፊሎቹ በአድናቆት፣ ከፊሎቹ ቀምሰውት።

ይህች ደፋር ሴት የምትፈራው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ብድር። ልጅ ሳለች ዓርብ ዓርብ ዕዳ ሰብሳቢ በራቸውን ያንኳኳ ነበር። እናቷ ልጆቿን ከሶፋው ጀርባ ደብቃ፣ የትንሹን አፍ በመዳፏ ይዛ፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ትንፋሿን ትውጣለች። ቴልማ ያንን የተዋጠ ትንፋሽ አልረሳችውም። ራሷን ከቻለች ወዲህ በቦርሳዋ የሌለውን ገዝታ አታውቅም። ባሏ ዊልፍ በዓሣ አጥማጅ መርከብ ሞተረኛ ነበር፤ ከባሕር ያመጣውን ከራሷ ደመወዝ ጋር አጣምራ ልጇን አሳደገች፣ ቤቷን አቀናች። የቴልማን በር ለዕዳ ያንኳኳ ሰው የለም። ኩራቷ ይህ ነበር።

ባንክ ቀድሞ ከፍሎ በኋላ የሚያስመልስበትን የብድር ካርድ የያዘችውም በልጇ በጊልያን ንዝንዝ ነው። «እማዬ፣ በዚህ ዘመን ያለሱ ሆቴል እንኳ አያስገቡሽም» ብላ አስወጣችላት። ቴልማም ካርዱን ተቀብላ ከኩሽናው መሳቢያ፣ ከክርና ከአሮጌ ቁልፍ ጋር ወርውራ ዘጋችበት።

ታዲያ አንድ ክረምት ዊልፍን ግማሽ ጎኑን መታው። ከሆስፒታል ሲመለስ ደረጃ መውጣት አልቻለም። አልጋውን ወደ ምድር ቤቱ ሳሎን አወረዱለት። ከፎቁ መኝታ ቤት መስኮት ወንዙ ወደ ባሕር ሲገባና መርከቦቹ ሲወጡ ሲገቡ ይታያል፤ ዊልፍ ባሕሩን ከተወ በኋላ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቆሞ ሻዩን የሚጠጣ ሰው ነበር። አሁን ከሳሎኑ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ቆሻሻ መጣያ ነው። አላማረረም። ግን ቴልማ ወንበሩን በየጊዜው ወደ ደረጃው እያዞረ እንደሚቀመጥ አየች፤ ልቧ አልቻለም።

ሰውን አስቀምጦ በሐዲድ ደረጃ የሚያወጣና የሚያወርድ የደረጃ ወንበር ከሚሸጥ ድርጅት አንድ ሰው አስጠራች። ሰውየው ጫማውን በር ላይ አራግፎ የገባ፣ ሻዩን አመስግኖ የጠጣ፣ ጨዋ ነበር። ደረጃቸው መሃሉ ላይ ስለሚጠመዘዝ ሐዲዱ በልኩ መሠራት እንዳለበት ነገራት። ዋጋው አምስት ሺህ ፓውንድ ገደማ ሆነ።

«ቼክ ልጻፍልህ?» አለችው።

«ቀብዱን ሁለት መቶውን በካርድ ቢያደርጉልን ደስ ይለናል፤ የቀረውን በባንክ ያስተላልፋሉ።»

«ውሉን በማን ስም ልጻፈው፣ በባለቤትዎ ነው?» ሲላት ደግሞ፣ «በእኔ! የምገዛለት እኔ ነኝ» አለች። ካርዱን ከመሳቢያው አውጥታ አቧራውን በሽርጧ ጠረገችው።

ወንበሩ ተገጠመ። ለጥቂት ቀናት ዊልፍ ሲወጣ ሲወርድ ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቴልማ ቂጣ ስትጠብስ ከደረጃው ድምፅ ሰማች።

«ቴልማ!»

«ምን ሆንክ?»

«ቆመ።»

«ምኑ?»

«ወንበሩ ነዋ። ወደ ላይ አልሄድም፣ ወደ ታችም አልወርድም አለ።»

«ቁልፉን ጫነው እንጂ!»

«አንቺ ሴት፣ ዕድሜዬን ሙሉ የመርከብ ሞተር ያዘዝኩ ሰው ነኝ፤ ቁልፍ መጫን ልታስተምሪኝ ነው?»

ሮጣ ሄደች። ወንበሩ ጥምዝምዙ ላይ አዘንብሎ ቆሟል፤ ዊልፍ በፒጃማው፣ ደህናው እጁ ሐዲዱን ጨብጦ፣ ወደ ቁልቁሉ ተንጋዷል። ከጎን ቤት ናስሪን ጩኸት ሰምታ መጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ቢጎትቱት ቢገፉት አልሆነም። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው እንደ ዕቃ ተሸክመው አወረዱት። ዊልፍም «ከሰሜን ባሕር ማዕበል ተርፌ፣ በገዛ ደረጃዬ ልሰጥም ነበር» ብሎ አሳቃቸው። እነሱ ሲሄዱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ምሳም አልበላ።

ቴልማ ወደ ድርጅቱ ደወለች። ስልኩ አይሠራም። ጊልያን በመኪናዋ ሄዳ ብታይ ቢሮው ተዘግቶ፣ ድርጅቱ መክሰሩን የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። እሷ፣ በወደቡ አንድ ነጋዴ እንኳ ያላታለላት ቴልማ፣ ሻይ አፍልታ ባስተናገደችው ሰው ተበላች! ገበያ መውጣት አስጠላት። «ወንበሩስ?» ላላት ሁሉ «እየጠገኑት ነው» ማለት ጀመረች።

ናስሪን ግን ዓይኗ አይታለልም። ናስሪን ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ምክር ለሚፈልግ ሰው በነጻ ከሚያማክሩት ጋር ትቀመጣለች። አንድ ከሰዓት ሳምቡሳ በሳህን ይዛ መጣችና፣ ሳትቀመጥ፣

«ቴልማ፣ ያንን ወንበር እንዴት ነበር የከፈልሽው?» አለቻት።

«ምን አገባሽ?»

«አገባኝ። በምን ከፈልሽ?»

«በባንክ ነው ያስተላለፍኩት። ቀብዱን ብቻ በዚያ በማይረባ ካርድ።»

ናስሪን ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን አጨበጨበች። «በብድር ካርድ? እሰይ! እንግዲያው ዋስ አለሽ።»

«የምን ዋስ?»

«ባንኩ ነዋ! ካርዱን የሰጠሽ ባንክ። በሕጉ መሠረት ባንኩ ከሻጩ ጎን ይቆማል። ሻጩ ቃሉን ቢያጥፍ፣ ዕቃው ቢበላሽ፣ ሰውየው ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል። ዋጋው ከመቶ ፓውንድ በላይ፣ ከሠላሳ ሺህ የማይበልጥ ይሁን እንጂ።»

«በካርዱ የከፈልኩት እኮ ቅንጣቢዋን ነው።»

«ቅንጣቢም ብትሆን ባንኩ የሚጠየቀው በሙሉው ነው።»

«አታሹፊብኝ።»

«ሂሳብ አስተማሪ እኮ ነኝ፤ በቁጥር አላሾፍም።»

ቴልማ ካርዱን ከመሳቢያው አውጥታ አገላብጣ አየችው። ከዚያ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ከብድር ስሸሽ ኖሬ፣ ያዳነኝ ይኸው ብድር ነው ልትይኝ ነው?» አለች።

«ገና አላዳነሽም። ባንክ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ አይልም» አለች ናስሪን።

እንዳለችውም ሆነ። ስልኩን ያነሳው ጁልያን የሚባል ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነበር። ታሪኩን በትዕግሥት ሰምቶ አስጠበቃትና ተመለሰ።

«ወይዘሮ ካውድ፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ። በካርዱ የከፈሉትን ሁለት መቶ ፓውንድ፣ ባንካችን በበጎ ፈቃድ ይመልስልዎታል።»

«በምን?»

«በበጎ ፈቃድ።»

«የኔ ልጅ፣ ስማኝ። ምጽዋት ብፈልግ ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቴ ማዶ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ሕጉ የሚለውን ነው። ሕጉ ሙሉውን ይላል።»

ጁልያን ጉዳዩ ለበላይ ይቀርባል አለ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው መልስ ሌላ መንገድ ይዞ ብቅ አለ፤ ወንበሩ የተገዛው ለባለቤትዎ ስለሆነ፣ ገዢው እርስዎ መሆንዎ አልተረጋገጠም የሚል። ቴልማ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ዊልፍ፣ ወንበሩን የገዛኸው አንተ ነህ ይላሉ።»

«እኔ?» አለ ዊልፍ። «በዚህ ቤት ካልሲ እንኳ ገዝቼ አላውቅም!»

ውሉ ግን በቴልማ ስም ነበር፣ ፊርማውም የእሷ። ያንን ላከች። ባንኩ የመጨረሻ ቃሌ ነው ብሎ እንደገና ያንኑ ሁለት መቶ ፓውንድ አቀረበላት። ናስሪንም «አሁን ወደ እንባ ጠባቂው ነው» አለቻት፤ ከባንክ ጋር የተጣላን ሰው አቤቱታ በነጻ ሰምቶ ወደሚፈርደው መሥሪያ ቤት ማለቷ ነው። አቤቱታውን አብረው አስገቡ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

መጠበቁ ከበዳት። መስከረም አልፎ ቅጠል ረገፈ፤ ብርዱ ገባ። ዊልፍ በሳሎኑ አልጋ ላይ እየከሳ፣ ወሬው እያጠረ ሄደ። ጊልያን መጥታ «እማዬ፣ በቃ እኔ ልግዛለት» አለች። ቴልማ እምቢ አለች፤ እናትና ልጅ ተኮራርፈው ተለያዩ። በማግሥቱ ቴልማ አሰበችው። በእኔ ኩራት ይህን ሰውዬ ልገድለው ነው? ሁለት መቶውን ልቀበል፣ ከልጄም ልበደር፣ ይብቃ። ስልኩን አንስታ የባንኩን ቁጥር መምታት ጀመረች።

«ማን ጋ ነው የምትደውይው?» አለ ዊልፍ ከአልጋው።

«ባንኩ ጋ። እሺ ልላቸው ነው።»

«አስቀምጪው።»

«ዊልፍ፣ አንተ እኮ—»

«አስቀምጪው አልኩሽ። እኔ ዓሣ እስኪመጣ ከዚህ በባሰ ብርድ ጠብቄያለሁ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተንጠልጥዬ አፍሬያለሁ፤ እውነት ነው። የሰውየውን ስህተት እንደኛ ስህተት ተቀብለሽ ዝም ካልሽ ግን ዕድሜ ልኬን እንደተንጠለጠልኩ እቀራለሁ። ያን ያህል ዓመት ስትጮሂብኝ ኖረሽ፣ አሁን በሰው ፊት ልታንሾካሽኪ ነው?»

ቴልማ ስልኩን አስቀመጠች። የኩሽናውን በር ዘግታ ትንሽ ቆየችና ሻይ ይዛለት ወጣች። ለጊልያንም ደውላ «ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ እሑድ ምሳ ነይ» አለቻት።

እንባ ጠባቂው የመደበው መርማሪ አንድ ገለልተኛ መሐንዲስ ወንበሩን እንዲያይ አደረገ። መሐንዲሱ ደረጃው ላይ በሆዱ ተኝቶ ሐዲዱን መረመረ። ሐዲዱ ሲሠራም በልኩ እንዳልታጠፈ፣ ወንበሩ ሰው ሊጥል ይችል እንደነበር ጻፈ። የጎደለው ማስረጃ ይህ ብቻ ነበር። ከገና በፊት ውሳኔው መጣ፤ ባንኩ ሙሉውን ዋጋ ይመልስ፣ የተበላሸውን የሚያስነቅሉበትን ይክፈል፣ ለደረሰባቸው እንግልትም ይጨምር።

ባንኩ እሺ አለ። የደወለው ራሱ ጁልያን ነበር።

«ወይዘሮ ካውድ፣ እኛ... በጣም እናዝናለን። ከመጀመሪያውም በትክክል ልናየው ይገባ ነበር።»

ቴልማ ለዚህ ቀን ብዙ ስድብ አዘጋጅታ ነበር። የልጁ ድምፅ ሲያፍር ስትሰማ ግን ሁሉም ጠፋባት።

«ክፉ ልጅ አይደለህም» አለችው። «ነገ አንዲት አሮጊት እንዲህ ብላ ስትደውልልህ፣ ከመጀመሪያው ሙሉውን ንገራት። እንደኔ ጯሂ ላትሆን ትችላለች።»

«እሺ» አለ ጁልያን። «እነግራታለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ዊልፍ እያያት ነው። «ምን ትገላምጣለህ?» አለችው። «ሚስቴን እያየሁ ነው፤ ይከለከላል?» አላት።

አዲሱን ወንበር ከሌላ ድርጅት ስትገዛ ሙሉውን በካርዱ ከፈለች። ሻጩ «ቀብዱ ብቻ ይበቃል» ቢላት፣ «ለአንተ ይበቃል፤ ለእኔ አይበቃም» አለችው። ዕዳው ቤቷ እንዲሰነብት ግን አልፈቀደችም፤ የተመለሰላትን ገንዘብ ይዛ በማግሥቱ ባንኩ ድረስ ሄዳ ዘጋችው። ዊልፍ ወደ ላይ የወጣ ቀን ጊልያንና ናስሪን ከታች ቆመው አጨበጨቡለት፤ እሱም እንደ ንጉሥ እጁን አወዛወዘላቸው። ጥቂት ቆይቶ ከፎቁ «ቴልማ! አንድ ትልቅ መርከብ እየገባ ነው፣ ሞተሩ ደህና አይደለም፣ ከጭሱ ያስታውቃል!» የሚል ድምፅ መጣ። ያን ጠዋት ሁለት ቂጣ በላ።

ወሬው በሰፈሩ ተዛመተ። ዓሣና ድንች የሚጠብሰው ሰውዬ ሳይቀር «ጠበቃዬ፣ ኮምጣጤ ልጨምር?» ይላት ጀመር። ቴልማ ትቆጣዋለች፤ ነገር ግን አንገቷ ይቀናል። ናስሪንም ጊዜ ሳታጠፋ ሐሙስ ሐሙስ ይዛት ትሄድ ጀመር። ወረቀቱን ናስሪን ታያለች፤ ቴልማ ደግሞ ያፈረውን ሰው ታናግራለች። ተታለልኩ ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ታውቀዋለችና።

አንድ ሐሙስ ዴዝመንድ መጣ። ዴዝመንድ በመጋዘኑ አለቃቸው የነበረ፣ ድምፁ ከወደቡ ጥሩምባ የሚበልጥ፣ ቴልማን «ፍጠኚ!» እያለ ያነጋ ያመሽ የነበረ ሰው ነው። አሁን ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። መስኮት ሊቀይሩለት ውል የገቡ ሰዎች ግማሹን ነቅለው ጠፍተዋል፤ ሚስቱ በፕላስቲክ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነው የምታድረው።

«ልለምን አልመጣሁም» አለ፣ ማንም ሳይናገረው።

«ማን ለምን አለህ? ተቀመጥ» አለች ቴልማ። «በምን ከፈልክ?»

«ጥቂቱን በብድር ካርድ። የቀረውን በእጅ።»

ናስሪን ቀና ብላ ፈገግ አለች። ቴልማ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዳችውና ስልኩን ወደ እሱ ገፋችለት።

«አንቺ ብትደውይልኝ አይሻልም?»

«አይሻልም። የተበደልከው አንተ ነህ፤ አንተው ተናገር። መጋዘን ውስጥ እኔ ላይ ትጮህ እንደነበረው አይደለም ታዲያ። ረጋ ብለህ፣ ወገብህን ቀጥ አድርገህ። የምትጠይቀው ያንተኑ ነው።»

ዴዝመንድ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ቁጥሩን መታ።