ጠመኔ ፎቶ ስታይ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሁሉ ጠመኔ ይላታል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ በላዩ የሚያልፈውን ጨርቅ ስትመረምር ኖራለች። የተበጠሰ ክር፣ ዘይት የነካው ቦታ፣ የሳሳ ሽመና ካየች ማሽኑን በእግሯ ታቆምና በጠመኔ ክብ ታደርግበታለች። ደህናው ጨርቅ ዝም ተብሎ ያልፋል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ለደህናው ጨርቅ የሚባል ነገር የለም።

ችግሩ፣ ዓይን እንደ ሽርጥ በር ላይ ተሰቅሎ የሚወጣ ነገር አለመሆኑ ነው። ሠርግ ስትጠራ ከሙሽራይቱ ፊት በፊት የቀሚሱን ዘርፍ ታያለች። ሐኪም ቤት ስትሄድ ሕመሟን ከመናገሯ በፊት ለሐኪሙ ካፖርቱ አንድ ቁልፍ እንደጎደለው ትነግረዋለች። እቤት ደግሞ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ አለች። ታናሿ በልብስ ንጽህና ቤት የምትተኩስ፣ ድምፅዋ ከካውያዋ እንፋሎት የማይበልጥ ሴት ናት። አልጋው ተዛንፎ ተነጠፈ፣ ሻዩ ቀጠነ፣ መቀስ እንዲህ አይያዝም፤ ጠመኔ ውሃ ቀጠነ ከማለት ቦዝና አታውቅም። ታናሿም አፍ አውጥታ መልሳ አታውቅም። “እሺ እትዬ” ትልና ታስተካክላለች። ጠመኔ ይህን እንደ ስምምነት ትቆጥረው ነበር፤ ሰው እሺ ካለ ምን ቀረው?

ጠመኔ ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ዓይኗን ለማሳረፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል የሚሰበሰብ የፎቶ ክበብ አለ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆኑ ሁሉም መምህሩ ይሏቸዋል። ደንባቸው አንድ ነው። ፎቶዎቹ ያለ ስም በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቀላሉ፤ ሰው ሁሉ አስተያየቱን እስኪጨርስ ባለቤቱ ትንፍሽ አይልም፤ በመጨረሻ መምህሩ “የማን ነው?” ሲሉ ይነሳል። ባለቤቱ ከታወቀ የምናየው ፎቶውን ሳይሆን ሰውየውን ነው ይላሉ። ባለቤት ነኝ ባይ የጠፋለት ፎቶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ተሰቅሎ ይቆያል።

እሷ ከመምጣቷ በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ የሚባለው “ያምራል” ብቻ ነበር። ያምራል ተባብለው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይለያያሉ። ጠመኔ በመጣች በመጀመሪያው ቀን ግን ተነስታ፣ ከሙሽራው አናት ላይ የስልክ እንጨት እንደበቀለ ተናገረች። ሲያዩት እውነትም በቅሏል። ከዚያ በኋላ ከአባላቱ አንዱ አውቶቡስ ነጂው ሐይቁን ሳያዘነብል ማንሳት ተማረ፣ ነርሷም የፎቶዋን ጠርዝ ሳታጣራ መምጣት ተወች። ሁለት ሰዎች ደግሞ ጭራሽ መምጣት ተዉ። መምህሩ አንድ ቀን ለብቻዋ ጠርተው፣ የጎደለውን ብቻ ሳይሆን ያለውንም እንድትናገር ቢመክሯት፣ ያለውማ ማንም ያየዋል አለቻቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው ያናድዳል፤ ይበልጥ የሚያናድደው ግን ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ ታናሿ ሳህን እያጠበች፣ ቅዳሜ አብሬሽ ልምጣ አለቻት። ጠመኔ ደስ አላት። ልትመለከት የምትመጣ መሰላት እንጂ፣ እህቷ በእረፍት ቀኗ ሄዳ መመዝገቧን፣ ክበቡ ለጀማሪ የሚያውሰውን ካሜራ ተቀብላ በተተኮሱ አንሶላዎች መሃል ደብቃ መክረሟን አላወቀችም። መምህሩ ያውቁ ነበር። ደንብ ደንብ ነውና አፋቸውን ዘጉ።

ቅዳሜ አምስተኛው ፎቶ ላይ ተደረሰ። ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሁለት እጆቿን አንስታ ሰፊ ጨርቅ ወደ መስኮት ዘርግታለች። መስኮቱ ነጭ ሆኗል፣ ክፍሉ ጨልሟል፣ ፊቷ አይታይም። ነርሷ ደስ የሚል ነው ብላ ጀመረች፤ ጠመኔ ግን ተራዋን መጠበቅ አልሆነላትም።

“መስኮቱ ተቃጥሏል፤ ምንም አይታይበትም” አለች። “የቀኝ ክርኗ ተቆርጧል። ጥራቱ ጨርቁ ላይ እንጂ ሴትየዋ ላይ አይደለም። እሷም ብትሆን ተንጋዳለች፤ ቀጥ በይ ማለት ማንን ገደለ? እኛ ጋ ቢሆን ይሄ ለብጣሽ ነው የሚሄደው።”

ከዚያ በኋላ የሚጨምር ሰው አልተገኘም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ማንም አልተነሳም። ደግመው ጠየቁ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ታናሿ ዝናብ ሳይመጣ የተሰጣውን ልብስ ላንሳ ብላ ብድግ አለች። ደመና የሚባል አልነበረም፤ ጠመኔ ግን እህቷ ለልብሱ በማሰቧ ረካች።

ወንበር ሲያጣጥፉ አውቶቡስ ነጂው ጠጋ አላት። ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። “በይ እንግዲህ አትቆጪኝ” አለ። “ስድስት ዓመት ሙሉ በኋላ በር ወርደሽ ስትሄጂ በመስታወቴ አይሻለሁ። ያንቺን ፊት ብረሳ ጀርባሽን አልረሳም። ግራ ትከሻሽ ዝቅ ይላል። ያቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ።”

ሰው የገዛ ጀርባውን ከየት ያውቃል? ወደ ገመዱ ተመልሳ አየች። ሻሿን የምትወጋበት መርፌ ቁልፍ እንኳ ቦታው ላይ ነው። ጨርቁ ጥግ ላይ የተጣፈው የራሳቸው አንሶላ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ አይኖርም። እህቷ እስከ ዛሬ ያላሳየቻትን ነገር ዛሬ ብታሳያት፣ በሰው ፊት ለብጣሽ ነው አለቻት።

እቤት ስትደርስ ካሜራው በቦርሳው ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ታናሿ ትተኩሳለች። ጠመኔ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ፎቶውኮ ያምራል አለቻት።

ታናሿ ካውያውን አቆመች። “የኔ መሆኑን ስላወቅሽ ነው” አለች። “ቅድም ያልሽው ይሻላል። እውነት ነው እትዬ፣ አልችልበትም። ቅዳሜ ካሜራውን መልሺልኝ። እኔ ሁለተኛ አልነካውም።” ቁጣ ብትቆጣ ጠመኔ ትመልስላት ነበር። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜው እሺ ያለች ያህል በለሆሳስ ነው የተናገረችው።

ያ ሳምንት ለጠመኔ ረዘመባት። ይቅርታ ብትል ታናሿ “እሺ” ትላታለች፤ የእሺን ነገር አሁን ፈርታዋለች። ብታሞግሳት አታምናትም፤ ሃያ አንድ ዓመት እንከን ብቻ የተናገረ አፍ ድንገት ቢያሞግስ ማን ያምነዋል? ፋብሪካ ውስጥ ማክሰኞ ዕለት ንጹሕ ጨርቅ በፊቷ እያለፈ ሳለ፣ ይሄ ለምን ደህና ሆነ ብላ ራሷን ጠየቀች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መልስ ማጣቷ አሳፈራት።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። መምህሩ የኋላውን ክፍል ከፈቱላትና ወጡ። ወንበር ስባ ፎቶው ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ ክርኑን አየች፤ ቀጥሎም መስኮቱን አየች፤ እንደገና ክርኑን አየች። ዓይኗ ያን ሁለት ነገር አልለቅ አላት። ለሃያ ደቂቃ ያህል ከገዛ ዓይኗ ጋር ተጣላች። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው ነገር መጣ፤ መጥቶም አላቆመም፤ ከቦርሳዋ የሥራ ወረቀት አውጥታ በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች።

ቅዳሜ ታናሿ የካሜራውን ቦርሳ አንስታ ሰጠቻት። ጠመኔ አልቀበልም አለች። “አልሸከምልሽም። የተዋስሽው አንቺ ነሽ፤ ራስሽ መልሺ” ብላት ወጣች። ይህን ያለችው እንድትመጣላት ነው። ታናሿም የተዋሰችውን ሳትመልስ መቅረት የሚሆንላት ሴት ስላልሆነች፣ ቦርሳውን አንግታ ከኋላዋ ተከተለቻት።

ፎቶው እንደተሰቀለ ነው። ጠመኔ ለመናገር ፈቃድ ጠይቃ ተነሳች። ወረቀቷን አወጣች፤ ፎቶውን አየችና መልሳ ከተተችው።

“ባለፈው ያልኩት ውሸት አይደለም” አለች። “ክርኗ ተቆርጧል፣ መስኮቱም ነጭ ሆኗል። ግን ፎቶውን ሳላየው ነው የተናገርኩት። አንዲት ሴት አንሶላ ወደ ብርሃን ዘርግታ ቀዳዳ ትፈልጋለች። ብርሃኑ በጨርቁ አልፎ ጣቶቿን አንድ ባንድ ያሳያል። ትከሻዋ ዝሏል፤ ድካሟን ግን እሷ አታውቀውም። ያወቀላት ፎቶውን ያነሳው ሰው ነው። መስኮቱ ነጭ ባይሆን ኖሮ ጣቶቹ አይታዩም ነበር፤ እኔ ተቃጠለ ያልኩት እሱን ነው።” ትንፋሽ ወሰደች። “አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢባል ክርኑም ይገባ ነበር።”

መምህሩ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ታናሿ የካሜራውን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳች።

“የኔ ነው” አለች። “ወደ ኋላ ማለት ጠፍቶኝ አይደለም። የቤታችን ወለል ይንቋቋል። ከሰማሽኝ ትዞሪያለሽ። ከዞርሽ ደግሞ አያያዜን ታርሚኛለሽ፤ ፎቶው ይቀራል። እኔ ካንቺ ጀርባ ነው ደፋር የምሆነው እትዬ።”

አውቶቡስ ነጂው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ጠመኔን ግን ነገሩ ነካት። ከሳምንት በፊት ቢነገራት ትከራከር ነበር። አሁን የካሜራው ማሰሪያ ከቦርሳው ወጥቶ መሬት ሊነካ እንደሆነ አየች፤ ዓይኗ የት ይሄዳል? ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። መምህሩ የካሜራውን ቁም ሣጥን ሊከፍቱ ቁልፋቸውን አወጡ። እሷ ትንሽ ይቆዩ አለቻቸው።

ክፍሉን አቋርጣ ወደ ትልቁ መስኮት ሄደች። ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ ቆመች። “አንሺኝ” አለች። “እንደፈለግሽ ወደ ኋላ ሂጂ። አልዞርም።”

ለረጅም ጊዜ የሰማችው ነገር የለም። ታናሿ ትታ የወጣች መሰላት፤ ቢሆንም ዓይኗን ከውጭው ግቢ አላነሳችም። ከዚያ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ሰማች። እርምጃ ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከኋላዋ ወንበር ተገጭቶ ጓ ብሎ ወደቀ፤ አንድ ሰው ቀስ በይ አለ። አንገቷ ሊዞር ተነሳ። ጠመኔ የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ውጭ እንዳደረገች ቆመች።