የአራስ ገንፎና የእኔ ወፍረት

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ የደንብ ልብሴ ሁለት ጊዜ ተተርትሮ ሰፋ። ጥፋቱ የቡላ ገንፎ ነው። ያገሩ ሰው ልጁን የተቀበለችለትን አዋላጅ ከአራሷ ገንፎ ሳያስቀምስ አያሰናብትም፤ አዋላጇ ሳትቀምስ አራሷም መብላት አትጀምርም። ገንፎው ደግሞ መሃሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ ይሞላበታል። ሦስት ሴቶች ከወለዱ ሦስት ጊዜ እቀምሳለሁ። መቅመስ ስል ራሴን መሸንገሌ ነው። ጠዋት ደግሞ ቤቴ ገብቼ ቁርሴን በልቼ እተኛለሁ።

ኦርቶዶክሱ ዘበኛችን ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው ብሎ ያመልጣል። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ስለሆንኩ ማምለጫ የለኝም። እውነቱን ለመናገር ማምለጥም አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። ዝናብ ቀረ፤ ከሞርሲቶም ከጃጁራም የከሱ ሕፃናት እየታዘሉ ይመጡ ጀመር። ለነሱ የእርዳታ ዱቄትና ዘይት ተላከ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ሌሊት ሌሊት እኔ ዘንድ ያድራል። አገሩ ሲከሳ እኔ እንደወፈርኩ ቀረሁ። በአንድ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ተነሳና፣ አንዳንድ ጓዶች በዚህ ዓመት ምን እየበሉ እንደሚወፍሩ ቢጠየቁ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ስም አልጠራም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ወገቤን አየ። ከእርዳታው አንዲት ማንኪያ አልነካሁም፤ ቢሆንም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከወር በኋላ በሚደረገው ስብሰባ መልስ እንድሰጥ ተወሰነ። ያን ጊዜ የረሃብተኛ እህል በላ የተባለ ሰው የሚያጣው ሥራውን ብቻ አልነበረም። በጣም ፈራሁ።

ስለዚህ ለመክሳት ቆረጥኩ። ጎመንና የተቀቀለ ድንች ቋጥሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ውሃ እጠጣለሁ፤ ጠዋት በዙሪያ መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። ገንፎ ሲመጣ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። ሰዎቹ ቅር እያላቸው ይመለሳሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ፤ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ከጃጁራ በኩል በቃሬዛ የመጣች ሴት ብዙ ደም ፈሷት ወለደች። እናቷ በትንሽ ጣባ የቡላ ገንፎ ይዛ መጣች፤ በዚያ ዓመት ቅቤውን ከየት እንዳገኘችው እንጃ። እሷንም ሆዴን አሞኛል አልኳት። ጣባውን ሸፍና ተመለሰች።

ጠዋት ተረኛ ልቀይር ስል አራሷ ልትነሳ ሞክራ አልጋው ሥር ወደቀች። አንስተን አስተኛናትና ምን እንደበላች ጠየቅሁ። እናቷ ጣባውን ገልጣ አሳየችኝ። ቅቤው ረግቷል፤ ገንፎውን ማንም አልነካውም።

"አንቺ ሳትቀምሺ እንዴት ትብላ?" አለችኝ። "ድሃ ስለሆንን ተጸየፈችን ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው።"

የምገባበት ጠፋኝ። ያ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ማንኪያውን ተቀብዬ የቀዘቀዘውን ገንፎ ጎረስኩ። ከዚያ ማንኪያውን ለአራሷ ሰጠኋት፤ በላች።

በስብሰባው ቀን መልሴን አዘጋጅቼ ሄድኩ። የወለዱትን ሁሉ፣ ገንፎውን ሁሉ ልዘረዝር ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ገና ስነሳ እጁን አነሳና አስቀመጠኝ። ጓዲት ሂሱን ተቀብላ መታረሟ ከሰውነቷ ይታያል አለ፤ ይኸው ከስታለች። አጨበጨቡልኝ። እኔ እንድከሳ ማን ሳይበላ እንዳደረ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።