ጋሼ በቀለ ያሰመሩት ሜዳ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ ልጅነቴን ባሳለፍኩበት ሰፈር ያለውን መጋዘን አጥር ኖራ ሲቀቡት ደረስኩ፤ ሽታው ወደ አሥራ አራት ዓመቴ መለሰኝ። ቦታው ያኔ የሰፈራችን ኳስ ሜዳ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለባለሀብት ሰጠውና አንድ ቀን ዶዘር መጣ። እኛ የሴቶች ቡድን ተጫዋቾች ፊቱ ተቀመጥን። መስመሩን በኖራ የሚያሰምሩልን ሽማግሌ፣ ጋሼ በቀለ፣ "እነዚህ ልጆች የት ይጫወቱ? እሱን ብቻ ንገሩኝ" አሉ።

ባለሀብቱ ከዶዘሩ ጋር የላከው አንድ ዘበኛ ጭንቅላታቸውን በዱላ መታቸው፤ ደማቸው ነጩ መስመር ላይ ተንጠባጠበ። ድንጋይ አነሳን። እኔም ወረወርኩ። ዘበኛው ዓይኑን ይዞ ወደቀ። ጋሼ በቀለ ተንበርክከው ደሙን በጋቢያቸው እየጠረጉለት "ተዉት፤ እሱም የሰው ልጅ ነው!" ብለው ጮኹብን።

የማን ድንጋይ እንደመታው ዛሬም አላውቅም። ዘበኛው አሁን የመጋዘኑ በር ላይ ይቀመጣል፤ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ሳልፍ ቀና ብሎ "እንደምን አደርሽ፣ ልጄ?" አለኝ። "እግዜር ይመስገን" ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ።