መስታወት ቆራጩ ወንጭፍ ሲማር

የልጄ ባል ድንጋይ መወርወር የጀመረ ሰሞን ሰፈሩ ጉድ አለ። ምን ይደንቃል እንዳትሉኝ፤ ሰውየው መስታወት ቆራጭ ነው! «ሥራ ቢጠፋበት ራሱ እየሰበረ ራሱ ሊገጥም ነው» እያሉ ሳቁብን። ይሳቁ! ወንጭፉን በእጁ ያስያዝኩት እኔ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ሲያወራው ያበላሸዋል።

አማቼን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ሚሊሜትር» እያለ ነው። ስሙን ያወጣለት የሱቅ ጎረቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ የሰው መስኮት ቀና ብሎ ያይና «ሦስት ሚሊ ተዛንፏል» ይላል፤ ሲለካ ደግሞ ልክ ሦስት ሚሊ! ልጄን ሊያገባ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላለኝም ነበር። ዳቦ እንኳን ሲቆርስ የሚለካ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱንም ሲለካ ይኖራል ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ። ልጄን አንድም ቀን ለክቷት አያውቅም፤ እንደ መስታወቱ ተጠንቅቆ ነው የያዛት።

ሱቁ መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ክፍል ናት። መሃሏ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ በግድግዳው ዙሪያ መስታወቶች በቁማቸው ተደግፈዋል፤ ወለሉ ስንቴ ቢጠረግ ብልጭልጩ አያልቅም።

አንድ ቀን የሰው ቤት አሮጌ መስኮት ሊነቅል መስታወቱን ከክፈፉ ያጣበቀውን የደረቀ ስቱኮ ሲፈነቅል መስታወቱ ፈነዳ፤ ፍንጣሪውም ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሐኪሞቹ ደከሙ፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

ጠያቂ ሁሉ «አንዱ ዓይንህ ይበቃሃል፣ አይዞህ» ይለዋል። ለጠያቂ ምን አለበት! በአንድ ዓይን ቅርቡና ሩቁ እንደሚደባለቅ የነገረን ግን አልነበረም። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው አጠገብ ያፈሰዋል። የበሩን እጀታ ልያዝ ሲል አየር ይጨብጣል። ሲሻለው ሱቁን ከፍቶ አንድ መስታወት ሊቆርጥ ሞከረ፤ መቁረጫዋ ጠርዙን ስታ ጠረጴዛው ላይ አረፈች። ሁለተኛው መስታወት ከእጁ አመለጠ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰና ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ወንበሩን መስኮት ሥር አስጠጋ። እዚያው ተቀምጦ ቀረ።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ በእሷ የስፌት መኪና ቆመ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አባበለችው። እኔማ ስንቱን አወራሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! በዚህ መሃል ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ጎረቤታሞች ስለሆኑ ግድግዳውን አፍርሶ ፀጉር ቤቱን ሊያሰፋ አስቧል። «ካልሠራህበት ልረከብህ» አለው። አማቼም ፊቱን እንኳን ሳያዞር «ወሩ ሲያልቅ ውሰደው» አለ።

ልጄ ይህን ስትሰማ መኪናዋን አቆመች። «እማዬ» አለችኝ ጓዳ ገብታ፣ «ሱቁን የለቀቀ ቀን እሱም አብሮ ያልቃል። አውቀዋለሁ።» እኔም አውቀዋለሁ። ሥራ የሌለው ሚሊሜትር በሰው ልክ የተሰፋ ባዶ ኮት ነው። ጭንቃችን እንግዲህ ይህ ነበር።

በዚያ ሰሞን ስንዴ አጥቤ ግቢው ውስጥ አስጥቼ ነበር። እርግብ ደግሞ ስንዴ ሲሰጣ ማን እንደሚነግራት አላውቅም፤ አገር ምድሩን ጠርታ መጣች። ልጅ ሆኜ የአባቴን ማሳ ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በወንጭፍ የሚያህለኝ ወንድ አልነበረም፤ ጉራ ነው ካላችሁ፣ አዎ ጉራ ነው። የአሮጌ ጫማ ምላስ ቆርጬ፣ በሁለቱ ጫፍ ገመድ ገምጄ ወንጭፍ ሠራሁ። የአንዱ ገመድ ጫፍ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው፤ የሌላው ጫፍ ቋጠሮ ነው። አዙረህ አዙረህ ቋጠሮውን ስትለቀው ድንጋዩ ይሄዳል። ሌላ ምስጢር የለውም።

አንዱን ለቀቅኩት፤ ከእርግቦቹ አጠገብ አጥሩን ጧ! አደረገው። ተነስተው በረሩ። ያኔ ከመስኮቱ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ አንድ ክንድ ወደ ግራ ወጣብዎት።»

እንዴ! ሳምንት ሙሉ ከ«እህ» በቀር ያልተነፈሰ ሰው!

«ሆን ብዬ ነው! እርግቧን ልግደላት እንዴ? ካወቅህ ውጣና አሳየኛ!» አልኩት።

በነጠላ ጫማው ወጣ።

ከቤታችን ጀርባ ሰው የማይሄድበት ባዶ ሜዳ አለ፤ ጫፉ ላይ የፈረሰ የጡብ ግንብ ቆሟል። ግንቡ ላይ የዛገ ጣሳ አስቀምጬ አሳየሁት። የመጀመሪያው ድንጋዩ ወደፊት መሄዱን ትቶ በአናታችን ላይ ወደ ኋላ በረረ፤ ሜዳውን የሚያዋስነው የፀጉር ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ቤቱ የፈረሰ መሰለ። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን እንደያዘ ሮጦ ወጣ፤ ከኋላው ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ ደንበኛ ፎጣ እንዳነገተ ተከተለው።

«ምንድን ነው? ጦርነት ነው?»

«ትምህርት ነው! ግባና ሰውየውን ጨርሰው!» አልኩት።

በማግስቱ አማቼ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ሜትር! ከቆመበት እስከ ግንቡ ለካ፣ ገመዱን ለካ፣ በጠመኔ መስመር አሰመረ፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በመዳፉ መዘነ። ከዚያ ወነጨፈ፤ ወደ ግራ ሄደ። ደገመው፤ ወደ ግራ። ሜትሩን ቀማሁት፤ አሁንም ወደ ግራ። ዓይኑ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ኋላ ግን ጣቶቹን ሳይ ቋጠሮውን ጥርቅም አድርጎ እንደያዘ ነው፤ ድንጋዩ መሄጃው ካለፈ በኋላ ነው የሚለቀው። ያኔ ገባኝ። መስታወት ይዞ የኖረ ሰው መልቀቅ ከየት ይልመድ? ለአንድ አፍታ ቀድሞ የለቀቀ ቀን መስታወቱም እግሩም የለም።

«ስማ» አልኩት፣ «ዓይንህን አትክሰሰው። ጥፋተኛው ጣትህ ነው። ድንጋይ እኮ ነው ልጄ! ቢወድቅ አይሰበርም! ልቀቀው!»

ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው፤ ልጄ መስኮት ላይ ቆማ ሰምታዋለች። ከዚያ ደህናውን ዓይኑንም ጨፍኖ እንዲያዞር አደረግኩት፤ እኔ «ልቀቅ!» ስል ይለቃል። ስንት ቀን እንደጮህኩ አልነግራችሁም፤ ድምፄ ተዘግቶ ጎረቤት ጉንፋን መስሎት ዝንጅብል ላከልኝ። ግራው ቀረ። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ፤ ግን አንዴ ከግንቡ በፊት ይወድቃል፣ አንዴ አልፎት ይሄዳል። ርቀቱ አልያዝ አለው።

አንድ ጠዋት ዳግም ያሰጣሁትን ስንዴ እንዲጠብቅልኝ ነግሬው ጎረቤት ደርሼ ስመለስ እርግቦቹ ግብዣ ላይ ናቸው። ጠባቂ ተብዬው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን መሬት ሊያስነካ ምንም አልቀረው፣ ያያቸዋል።

«ኧረ በሞትኩት! ስንዴዬን!»

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ። አንገቷን ይዩልኝ።»

«የምን አንገት! ልጠምዝዘው ነው?»

«ዓይኖቿ እኮ ግራና ቀኝ ናቸው። ጥሬዋን የምታያት በአንዱ ነው፣ እንደኔ። ግን አንዷንም አትስትም። አንገቷን ስታንቀሳቅስ ይመስለኛል የምታውቀው።»

ተነሳና ወደ ግንቡ ዞሮ አንገቱን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመረ። ዓይኑን አጥቶ አእምሮውንም ሊያጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ፊቱ በራ። «ጣሳው ይሸሻል፣ ከኋላው ያለው ዛፍ አይሸሽም! ቅርቡ ብዙ ይሄዳል፣ ሩቁ ትንሽ!» ብሎ ወንጭፉን አነሳ። አንዱ ሳተ፣ ሁለተኛው ግንቡን መታ፣ ሦስተኛው ጣሳውን አንስቶ ከግንቡ ማዶ ጣለው። አማቼ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ልጄ ክር በጥርሷ እንደነከሰች ሮጣ ወጣች፤ እዚያው ሜዳ ላይ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ስለ ስንዴዬ ምንም አላልኩም፤ ይህ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲያ የሚይዘውን ነገር ሁሉ አንገቱን ወዝወዝ አድርጎ አይቶ ነው የሚይዘው። እጀታው አላመለጠውም። ሰፈሩም «ሚሊሜትር ዶሮ ሆነ» አለ። ይበል! ሱቁን ግን ዘወር ብሎ አላየውም። ልጄ ስትጠይቀው «ጣሳ ብስት ማንም አይከሰኝም። የሰው መስታወት ሌላ ነው» አላት። ልፋታችን ሁሉ ለጣሳ ነበር ማለት ነው? ወሩም አለቀ፤ ፀጉር አስተካካዩ ነገ ቁልፍ ሊረከብ ሆነ። ልጄ ስትሰፋ መርፌ ሰብራ አለቀሰች።

እኔ ደግሞ ልጄ ስታለቅስ አልወድም።

ፀጉር ቤቱ ወደ ሜዳው የሚያይ ባለ አራት መስታወት ትንሽ መስኮት አለው። ባለቤቱ እኩለ ቀን ላይ ዘግቶ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ሄጄ በመስኮቱ አየሁ፤ ውስጡ ሰው የለም። ዙሪያውን ቃኘሁ፤ ውጭም ሰው የለም። ከዚያ ራቅ ብዬ ቆምኩና ክብ ድንጋይ መረጥኩ፤ ከአራቱ የታችኛዋን፣ የቀኟን አየሁ። ለቀቅኩት። ሆን ብለሽ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። ምን ይጠበስ!

ፀጉር አስተካካዩ ተመልሶ ሲያይ ሰፈሩን በጩኸት ሞላው። ተሰበሰብን። ሰው ሁሉ ዓይኑን አማቼ ላይ ሲጥል «እኔ ነኝ!» አልኩ፣ «እጄ ሳተ፤ እርጅና ነው። ዓይኔን ግንባር...» ብዬ ልምል ጀምሬ ዋጥኩት፤ መሃላው ውሸት፣ ዓይን አጥቶ የቆመው ደግሞ አጠገቤ።

«ይኸው ዝናብ ቋጥሯል! እስከ ከተማው ማዶ ሄጄ ገጣሚ እስካመጣ ፀጉር ቤቴ ሊዋኝ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

 አማቼ የተሰበረችውን መስኮት አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በዚያች በአንዲት ዓይኑ ብዙ አየኝ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ ቤት ገብቶ ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ሱቁ አቧራ ለብሷል። ልጄና እኔ፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ በሩ ላይ ቆምን። የመስኮቱን ክፍት ለክቶ መጣ፤ መስታወቱን ብርድ ልብሱ ላይ አጋደመ፤ መቁረጫዋን ነጭ ጋዝ አስነካት። አንገቱን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ አደረገ። እጁ ግን አየር ላይ ቆመ። ቆየ። ልጄ ክንዴን ጨመደደችው፤ እስከ ዛሬ ያመኛል ብል ውሸት አይደለም። እኔም ሳላስበው «ልቀቅ!» አልኩ። መቁረጫዋ ሲጥጥ ብላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ ጫን አለው፤ መስታወቱ ቀጥ ብሎ ለሁለት ተለየ።

ይዞት ሄዶ መስኮቱ ውስጥ አቆመው። በአንድ ጎኑ ቀጭን ክፍተት ታየ። ቀድሞ ለዚህ ለዚህ ስንት መስታወት የጣለ ሰው ነው!  አንገቱን እያወዛወዘ ክፍተቱን አየ፣ በጣቱ ዳበሰው።

«ሁለት ሚሊ አጥሯል» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ አየ።

«ስቱኮው ይሞላዋል» አለና ስቱኮውን በመዳፉ ማሸት ጀመረ።

ልጄ አለቀሰች። ይህን ልቅሶዋን ግን ወደድኩላት፤ እኔም አገዝኳት። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እና... የነገው ነገርስ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ ሱቁ ሥራ ይዟል።»

«እሱማ እያየሁ ነው» አለ ሰውየው፤ ተናደደ ብዬ ሳስብ ሳቁ አመለጠው። «ግን እማማን እሰርልኝ!»

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ቀደመችን። አማቼ ጆሮዬ ሥር ዝቅ አለ።

«እማማ፣ እርስዎ ስተው አያውቁም።»

«አርጅቻለሁ አልኩህ እኮ።»

«የታችኛዋን። የቀኟን። መሃሏን።»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ደግሞ አማቼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ከእንግዲህ ቢስቱ ግን ትንሽ መስኮት ይሳቱልኝ፤ ትልልቁ መስታወት አልቋል። ነገ ማልጄ ሄጄ አመጣለሁ» አለኝ።

«ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ!» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። «ነገ» ሲል ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! እንባዬን እንዲያይብኝ አልፈለግኩም።