ቆጮ የማያሳድር መሬት

የሳሎናችን ወለል በአንድ ጥግ ስንዝር ያህል ሰመጠና ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ጥቁር ጭቃ ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ እዚህ የሆሳዕና ዳርቻ ረግረግ ነበር። አባቴ «መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ለመቆፈር ይቀላል» ብሎ ለዓመት የሚበቃንን የእንሰት ቆጮ እንዲብላላ እዚሁ አስቀበረ። ከወራት በኋላ አክስቴ ጉድጓዱን ከፍታ የተሸፈነበትን የኮባ ቅጠል ስትገልጠው፣ ቆጮው በጥቁር ውሃ ተበላሽቶ፣ ትል እየተላወሰበት የሞተ ውሻ ይሸት ነበር። ዘገነችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አሽትቺው! ቆጮ የማያሳድር መሬት ሰውም አያሳድር።»

በንዴት የምትራገም መስሎኝ አፍንጫዬን ይዤ ሮጥኩ። ካደግኩ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ረግረጉን በገረጋንቲ ሞልተን ይህን ቤት ሠራንበት። የአክስቴን ነገር ማን አስታወሰ!

ባለቤቴ ስንጥቁን በጫማው ነካ ነካ አደረገና፣ «አዲስ ሴራሚክ እናልብሰውና ቤቱን እንሽጠው። ገዢ እንደሆነ አይጠፋም» አለኝ።

ከሽታው ይበልጥ ይህ ከፋብኝ። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን ዘገንኩና አፍንጫው ሥር ደቀንኩት።

«መጀመሪያ አሽትተው» አልኩት።